ጣሪያው ሳይቀደድ የገባው ውሃ

ይህ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ባለ አንድ የእድር አዳራሽ፣ በግንቦት አንድ እሁድ ጠዋት ያደረግኩት ንግግር ነው። በተናገርኩት መልክ ነው የጻፍኩት። መሀል ላይ የተነሱትንም ጥያቄዎች አልቆረጥኳቸውም።

እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። አንዳንዶቻችሁ ከቤተክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጣችሁት፣ ነጠላችሁን እንኳ አላወረዳችሁም። አመሰግናለሁ። የእድሩ ዳኛ "ስለ ቤት መድን አንድ ሰዓት አውራልን" ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ግንቦት ነው፣ ሰኔ ሊገባ ነው። ይሄን ወሬ ሐምሌ ላይ ብናወራው ግማሽ ጥቅሙ ይቀራል። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ለብዙ ዓመት የሠራሁት በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ጉዳት ሲደርስ ሄጄ አያለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ከዚያ ይከፈል ወይም አይከፈል የሚለው ደብዳቤ በእኔ እጅ ይረቀቃል። ካረቀቅኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ አንዱ እስከ ዛሬ ከህሊናዬ አልወጣም።

ከዚህ ብዙም የማይርቅ ሰፈር ነው። አንዲት እናት ናቸው፣ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ቤቱ አሮጌ ነው ግን ንጹህ ነው። መድን ነበራቸው። በየዓመቱ አረቦናቸውን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ ሳያስታጉሉ ይከፍላሉ፣ ደረሰኞቹን ሁሉ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው አስቀምጠዋል። የማዕበል ሽፋንም ጨምረዋል፣ ልጃቸው ነው የመከረቻቸው። ታዲያ አንድ ቀን ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ያቺ የምታውቋት ዓይነት በረዶ፣ ቆርቆሮ ላይ ስትወርድ ሰው ከሰው የማያደማምጠው። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የቆየው። ጣሪያው ምንም አልሆነም፣ አንድ ቆርቆሮ አልተነሳም፣ አንድ ምስማር አልተነቀለም። አሸንዳው ግን በበረዶ ጢም አለ። ስደርስ አልሟሟም ነበር፣ ልክ ጨው እንደተሞላ ገንዳ ነጭ ብሎ ተቆልሏል። በረዶው መውረጃውን ደፍኖታል። ከላይ የሚመጣው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ቆርቆሮው ከሚደራረብበት ስር ሾልኮ ገባ፣ ኮርኒሱ ላይ ተኛ። ኮርኒሱ ሆዱ እያበጠ እያበጠ መጣና ተዘረገፈ። አልጋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ።

ካሳ ጠየቁ። እኛ ደግሞ ፖሊሲውን፣ ማለትም የመድን ውሉን፣ ገለጥን። ፖሊሲው ምን ይላል መሰላችሁ? የማዕበል ሽፋን ዝናብ ቤት ውስጥ ያደረሰውን ጉዳት የሚከፍለው፣ መጀመሪያ ማዕበሉ ራሱ ጣሪያውን ወይም ግድግዳውን ጎድቶ ክፍተት ከፈጠረና ውሃው በዚያ ክፍተት ከገባ ነው። የሳቸው ጣሪያ አልተከፈተም። ደህና ነው። ስለዚህ አይከፈልም። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሕግ በኩል ስህተት አልነበረበትም። እሳቸው ግን ሲፈርሙ ይሄን የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም፣ ውሉም በእንግሊዝኛ ነበር። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የምላችሁ ነገር አንድ ነው። የቤት መድን የሚመረጠው ከቤቱ ተነስቶ ነው። አብዛኛው ሰው ከዋጋው ይጀምራል፣ "የቱ ጋ ይረክሳል?" ይላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን "ውሃ ወደ ቤቴ የሚመጣው በየት ነው?" የሚለው ነው። ውሃው የሚመጣበትን መንገድ ካወቃችሁ ፖሊሲው ውስጥ ምን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ። ካላወቃችሁ ግን ወኪሉ የሚያቀርብላችሁን ትፈርማላችሁ። ወኪሉም ቤታችሁን አያውቀውም።

የከተማችንን አቀማመጥ አስቡት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የቦሌ አየር ማረፊያ ወደ 2,330 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ መሀሉ ላይ ተቀምጠናል። ወንዞቹ፣ ቀበና፣ ጊንፍሌ፣ ባንቲ ይቅጡ፣ ቁርጡሜ፣ ሁሉም ከላይ የተቀበሉትን ይዘው በሰፈራችን መሀል ነው የሚያልፉት። ስለዚህ የእናንተ ግቢ ላይ ጠብ ሳይል እንጦጦ ላይ የጣለው ዝናብ እናንተ በር ላይ ሊደርስ ይችላል። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሌሊት ነው፣ ሰው ተኝቷል፣ ከደጋው የወረደው ውሃ በደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። እዚህ አዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። እና "እኛ ሰፈር ጎርፍ የለም" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይጨንቀኛል። እውነቴን ነው።

ደግሞ ጎርፍ ማለት የግድ ወንዝ ሞልቶ አይደለም። ቦይ በፕላስቲክ ሲደፈን ጎርፍ አለ። ከእናንተ በላይ ያለው ጎረቤት ግቢውን በሙሉ ኮንክሪት ሲያለብሰው፣ ድሮ መሬት ይጠጣው የነበረው ውሃ ወደ እናንተ ይወርዳል። መንገዱ ሲሠራ ከግቢያችሁ ከፍ ካለ፣ በአርባ ዓመት አንድ ቀን ውሃ ገብቶት የማያውቅ ሳሎን ሊገባው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ሲጥል ዣንጥላ ይዛችሁ ውጡ። አጥሩን ዙሩ። ውሃው በየት ገባ፣ በየት ወጣ፣ የት ቆመ፣ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት። አሸንዳውን ተመልከቱ። ደጋፊ ግንቡ ስር የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አለው ወይ? ሮቶው የተቀመጠበት ብረት ዝጓል ወይ? ይሄ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም።

አሁን ወደ ፖሊሲው ልግባ።

እዚህ አገር ለቤት የሚሸጠው መሠረታዊ ውል የእሳትና የመብረቅ መድን ነው። ሁለቱ ብቻ። ጎርፍ በዚህ ውስጥ የለም። ማዕበልና ነፋስ የለም። የመሬት መንቀጥቀጥ የለም። ቧንቧ ወይም ታንከር ፈንድቶ የሚፈስ ውሃ የለም። እነዚህ ሁሉ ተጨማሪ ሽፋን ይባላሉ፣ ስትጠይቁ ነው የሚጨመሩት፣ ለእያንዳንዳቸውም ትንሽ ትንሽ ይከፈላል። "ቤቴ ኢንሹራንስ አለው" ብሎ ተማምኖ የሚኖረው ብዙ ሰው በእጁ ያለው የእሳትና የመብረቁ ብቻ ነው። በተለይ ከባንክ ተበድራችሁ የገዛችሁ ሰዎች ይሄን ልብ በሉልኝ። ባንኩ መድን ግቡ ይላል፣ እናንተም ትገባላችሁ። ግን ያ መድን መጀመሪያ የሚጠብቀው የባንኩን ብድር ነው። ባንኩ የጠየቀው ሽፋን ለእናንተ ይበቃል ማለት አይደለም። ውሉን አውጡና ምን ምን ተጨምሮበታል ብላችሁ እዩት።

ስታዩት የምትፈልጉትን ቃል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙው ውል በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ጎርፍን "ፍለድ" ብለው ይጽፉታል። ማዕበሉን "ስቶርም ኤንድ ቴምፐስት" ይሉታል። እነዚህ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው! አንዱ ተጽፎ ሌላው ላይጻፍ ይችላል። ነፋስ ቆርቆሮ ገንጥሎ ከወሰደ የማዕበል ጉዳይ ነው። ወንዝ ወይም ቦይ ሞልቶ ከመሬት የገባ ውሃ የጎርፍ ጉዳይ ነው። ሁለቱንም ማስጻፍ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ታንከር፣ ቧንቧና የውሃ እቃ ፈንድቶ ወይም ሞልቶ የሚያፈሰው ነው። በየቤታችን ጣሪያ ላይ ሮቶ የተሸከምን ሰዎች ይሄን መርሳት የለብንም። እዚህ ላይ የአሸንዳውን ነገር ጠይቁ። "በበረዶ የተደፈነ አሸንዳ ሞልቶ ውሃ ቢገባብኝ በየትኛው ሽፋን ትከፍሉኛላችሁ?" በሉ። በዚሁ ቃል ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። "አይዞዎት፣ ሁሉም ተካቷል" የሚል የአፍ መልስ ካሳ ክፍል ሲደርስ ዋጋ የለውም። እኔ ካሳ ክፍል ነበርኩ፣ የማየው የተጻፈውን ብቻ ነበር።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት እዚህ ላይ እጃቸውን አነሱ። "ልጄ፣ አጥሬ ባለፈው ክረምት ተደረመሰ። መድን ቢኖረኝ ይከፈለኝ ነበር?" አሉ። ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አጥርና በር በማዕበል ሽፋን ብዙ ጊዜ አይካተትም። መሬት ተንሸራቶ ወይም ሰምጦ የሚመጣ ጉዳትም እንደዚሁ ብዙ ጊዜ ተለይቶ ይወጣል። እኛ ሰፈር ደግሞ ቁልቁለት ስለሆነ ከቤቱ እኩል የሚያሳስበው ደጋፊ ግንቡ ነው። ስለዚህ አጥርና ደጋፊ ግንብ በስማቸው ተጠርተው፣ ዋጋቸው ተለይቶ ይጻፍልኝ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እምቢ ካሉ ሌላ ድርጅት መጠየቅ ነው። ከደርዘን በላይ ድርጅት አለ፣ መንግሥታዊው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም አለ፣ የግሎቹም አሉ። ሁሉም እምቢ ካሉ ደግሞ ቢያንስ ለአረቦን ያሰባችሁትን ገንዘብ ግንቡን ማጠናከሪያ አድርጉት።

በዝግታ የሚመጣ ጉዳትም አይከፈልም። ለሦስት ክረምት ሲያንጠባጥብ የኖረ ጣሪያ፣ ከስር እርጥበት እየሳበ የተላጠ ግድግዳ፣ የበሰበሰ ሞራሌ፣ ይሄ የጥገና ጉዳይ ነው። መድን ለድንገተኛ ነገር ነው።

አሁን በጣም ወደማስበው ነገር መጣሁ። የገንዘቡ መጠን።

ቤታችሁን በስንት ብር ነው መድን የምታስገቡት? ሰው ሁሉ የሚጠራው ገበያው የሚያወጣውን ዋጋ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ቤት በደላላ ሲጠራ የሚሰማውን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ግን ያ ዋጋ ከሞላ ጎደል የቦታው ነው። መሬቱ ደግሞ በሕጋችን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይቃጠልም፣ ጎርፍም ይዞት አይሄድም። መድኑ የሚመልስላችሁ ቤቱን ነው። ቤቱን ዛሬ እንደነበረ መልሶ ለመሥራት ስንት ይፈጃል? ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ብሎኬቱ፣ ቆርቆሮው፣ ኮርኒሱ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዝርጋታው፣ የእጅ ዋጋው፣ ፍርስራሹን ለማንሳት የሚወጣው ሁሉ። እሱ ነው የመድኑ መጠን። ከዚያ በላይ ብታስገቡ በከንቱ አረቦን ትከፍላላችሁ እንጂ ከጉዳታችሁ በላይ ካሳ አታገኙም፣ ሕጉ አይፈቅድም። ከዚያ በታች ብታስገቡ ደግሞ የባሰ ነው።

የባሰ የሆነበትን በቁጥር ላሳያችሁ። ምሳሌ ነው። ቤታችሁን መልሶ ለመሥራት 6 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። እናንተ ግን ከዓመታት በፊት በ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር አስገብታችሁት እሱኑ እያሳደሳችሁ ትኖራላችሁ። ጎርፍ መጣና የ800 ሺህ ብር ጉዳት አደረሰ። ታዲያ "ሽፋኔ 1 ሚሊዮን ተኩል ነው፣ ጉዳቴ 800 ሺህ ነው፣ ሙሉውን አገኛለሁ" ትላላችሁ። አይደለም። ድርጅቱ የሚለው "የቤትህን አንድ አራተኛ ነው መድን ያስገባኸው፣ ሦስት አራተኛውን ራስህ ልትሸከም ወስነሃል" ነው። ስለዚህ የ800 ሺው አንድ አራተኛ፣ 200 ሺህ ብር ይሰጣችኋል። ከሱም ላይ ኤክሰስ የሚባለው፣ በእያንዳንዱ ጉዳት መጀመሪያ እናንተ የምትችሉት ድርሻ አለ። 20 ሺህ ከሆነ 180 ሺህ ይቀራል። 620 ሺህ ብር ከኪሳችሁ ነው። በሙያው ቋንቋ አቬሬጅ ይሉታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለው ሰው ውስጥ መድን ያለው ሁሉ ዛሬ ማታ ይሄን ሒሳብ በራሱ ቤት ላይ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

ምክንያቱም ያለንበት ጊዜ ሌላ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ። ብረት ከውጭ ነው የሚገባው። መስታወቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ሴራሚኩ፣ አብዛኛው ከውጭ ነው ወይም ጥሬ እቃው ከውጭ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈ የመድን መጠን አሁን ቤታችሁን አያቆመውም። በእድሳት ጊዜ ከድርጅቱ የሚመጣው ወረቀት ላይ የአምናው ቁጥር እንዳለ ነው የሚጻፈው፣ ማንም አስታውሶ አይቀይርላችሁም። እናንተ ናችሁ የምትቀይሩት። አንድ የሰፈር ኮንትራክተር ወይም መሐንዲስ ጠርታችሁ ግምት አጽፉ። በጽሑፍ ያለ ግምት ኋላ ላይም ይጠቅማችኋል።

አረቦኑ ይጨምራል፣ አዎ። ግን የሚጨምረውን እዩት። አረቦን የሚሰላው ከመድኑ መጠን በሺህ ይህን ያህል እየተባለ ነው። ለምሳሌ በሺህ 1 ብር ከ50 ቢሆን፣ ለ6 ሚሊዮን የዓመቱ 9,000 ብር ነው። በወር 750። ትክክለኛውን ቁጥር ድርጅቱ ነው የሚነግራችሁ፣ እንደ ቤቱ አሠራርና እንደ ቦታው ይለያያል። ለመኪና ሦስተኛ ወገን ግዴታ ስለሆነ ሁላችንም እንከፍላለን፣ ስቲከሩን መስታወት ላይ ለጥፈን እንሄዳለን። ለቤት ግን ግዴታ ስላልሆነ ዞር ብለን አናይም። መኪናው ስንት ነው፣ ቤቱ ስንት ነው?

ስለ ቤቱ አሠራር ካነሳሁ፣ እውነቱን ተናገሩ። እዚህ ሰፈር ብዙው ቤት ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ከውጭ ሲታይ ብሎኬት ይመስላል። ፎርሙ ላይ "ግድግዳው ከምን የተሠራ ነው?" ሲል ብሎኬት ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ አረቦኑ ይቀንስ ይሆናል፣ ግን ጉዳት ሲደርስ የመጣው ሰው ግድግዳው ተልጦ ጭቃውን ያየዋል። ያኔ የተሳሳተ መረጃ ሰጥታችኋል ተብሎ ውሉ ራሱ ሊፈርስ ይችላል። ከወንዙ ያለውን ርቀትም ተናገሩ። ከዚህ በፊት ውሃ ገብቶ እንደሆነ ተናገሩ። ፎርሙን ወኪሉ ሲሞላላችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፣ መስመር በመስመር አስነብቡት። ጭቃ ቤት በመሆኑ አንዱ ድርጅት እምቢ ሊል ይችላል፣ ሌላው በከፍ ያለ አረቦን ሊቀበል ይችላል። የሚቀበላችሁ እውነቱን አውቆ ይቀበላችሁ።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ እዚህ አላችሁ? አያለሁ፣ ብዙ ናችሁ። የናንተ ነገር ትንሽ ለየት ይላል። ጣሪያው የጋራ ነው። ደረጃው፣ የውጭ ግድግዳው፣ የጋራ ቧንቧው፣ የእናንተ ብቻ አይደለም። አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ጣሪያው ተገንጥሎ ውሃ ሲገባበት የሱ የግል መድን ቤቱ ውስጥ ያለውን ሊክስ ይችል ይሆናል፣ ጣሪያውን ግን ማን ያሠራዋል? ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ መድን ከሌለው በየቤቱ እየዞሩ ማዋጣት ነው፣ ምድር ቤት ያለው ሰው ደግሞ "እኔ ጋ አልዘነበም" ይላል። ይሄን ጸብ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ያቀያይማል። የብሎኩ ሕንፃ በሙሉ በማኅበሩ ስም አንድ ላይ ቢገባ ለያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። የሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ላይ አጀንዳ አስይዙት።

አንዲት ወጣት እናት ደግሞ ከኋላ "እኛ የቀበሌ ቤት ነው ያለነው፣ ቤቱ የኛ አይደለም፣ ይሄ ሁሉ እኛን አይመለከትም?" አለች። ይመለከታችኋል እህቴ። ቤቱን መድን ማስገባት አትችሉም፣ የእናንተ ንብረት አይደለምና። እቃችሁን ግን ትችላላችሁ። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሶፋው፣ ልብሱ፣ የልብስ ስፌት መኪናው። የቤት እቃ መድን ለብቻው ይሸጣል፣ ስርቆትም ሊጨመርበት ይችላል። ግለሰብ ቤት የተከራየም ያው ነው። እቃችሁን ዛሬ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ መሳቢያ ሁሉ ከፍታችሁ አንሱ፣ ደረሰኝ ያለውን ደረሰኙንም አንሱ። ጎርፍ እቃ ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ እቃው እንደነበረ ማስረጃውንም ይወስዳል። ፎቶዎቹን ሌላ ሰፈር ላለ ዘመድ በቴሌግራም ላኩት።

ስለሚፈርስ ቤት የጠየቃችሁም ነበራችሁ። በመንግሥት ውሳኔ ለልማት የሚፈርስ ቤት የመድን ጉዳይ አይደለም፣ በፖሊሲውም ተለይቶ የወጣ ነው። እሱ ሌላ ሕግ አለው።

አሁን ሰዓቱን ነው የምነግራችሁ። ለምን ግንቦት አልኩ? ውሃው በር ላይ ሲደርስ ማንም ድርጅት ጎርፍ አይሸጥላችሁም። በ2017 ታህሳስና ጥር ላይ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ፎቅ ላይ ሲሰማን፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ስለ መድን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሌሊት ነበር የሚደውሉልኝ። ስጋት ሲፈጠር ድርጅቱም ይጠነቀቃል፣ ቤቱን ሄጄ ልይ ይላል፣ ቅድመ ሁኔታ ያበዛል። በረጋ ጊዜ የሄደ ሰው ቤቱን ደረቅ ሆኖ ያሳያል፣ ረጋ ብሎ ይነጋገራል፣ ከሁለት ከሦስት ድርጅት ዋጋ ያመጣል። ዋጋ ስታወዳድሩ ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር አወዳድሩ። አንዱ ረከሰ የምትሉት ጎርፉን ትቶት ሊሆን ይችላል። ኤክሰሱ ትልቅ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የታንከር ውሃ፣ ኤክሰስ፣ የመድን መጠን፣ እነዚህን አምስቱን ብቻ በእስኪርቢቶ አክብቡ። የቀረውን ኋላ ታነቡታላችሁ።

ጉዳት ከደረሰ መጀመሪያ ሰው ማዳን ነው፣ ከዚያ ቆጣሪውን ማጥፋት ነው። ከዚያ ሳታጸዱ ፎቶ አንሱ። ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን መስመር አንሱ፣ ሲደርቅ ይጠፋል። ለድርጅቱ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ፣ ፖሊሲው ስንት ቀን እንደሚል አሁኑኑ አይታችሁ እወቁ። የተበላሸውን እቃ ድርጅቱ ሳያየው አትጣሉ። ግን ጉዳቱ እንዳይብስ ማድረግ የእናንተ ግዴታ ነው፣ ተገንጥሎ የቀረ ጣሪያ ካለ ሸራ አልብሱት፣ የሸራውን ደረሰኝ ያዙ። ከወረዳው፣ ከእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሰዎች መጥተው እንደሆነ ከነሱ፣ የጽሑፍ ማስረጃ ጠይቁ። ስለ ዝናቡ ደግሞ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ክርክር ከተነሳም የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ ቅሬታ ይዞ ወደዚያ መሄድ ይቻላል። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፣ እምቢ ሲባል አልቅሶ ቤቱ ይገባል።

እኚያ እናት ቤታቸው ገብተው ነው የቀሩት። ደብዳቤውን ሲቀበሉኝ "ታዲያ ሲያስፈርሙኝ ስለ አሸንዳው ለምን አልነገሩኝም?" ነው ያሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ካሳ ክፍል ብዙ አልቆየሁም።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ገንዘብ ይሰጣል። ለቤት ግን ደንቡ ውስጥ የለም። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን የደረስንበት ነገር አለ። መድን የምትገቡ አባወራና እማወራዎች ቁጥራችሁ ከበዛ፣ ኮሚቴው በጋራ ሄዶ ከሁለት ሦስት ድርጅቶች ዋጋ ይጠይቃል። አርባ ቤት አንድ ላይ ሲመጣ ውይይቱ አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ እንደሚሆነው አይሆንም። ስማችሁን በር ላይ ካለው መዝገብ አስጽፉ። ለመመዝገብ ምንም አይከፈልም።

እኔ ደግሞ የሚመጡትን ሦስት ቅዳሜዎች ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እዚሁ አዳራሽ እቀመጣለሁ። ፖሊሲ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ በአማርኛም ቢሆን፣ አብረን እናነበዋለን። የሌላችሁ የጣሪያችሁን፣ የአሸንዳችሁንና የአጥራችሁን ፎቶ ይዛችሁ ኑ። መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን አትርሱ፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው።